በሁለቱ መንፈቆች መካከል

ባለቤቴ ባሕር ዳር ፋብሪካ ስለተመደበ ከናዝሬት ተከትዬው መጣሁ፤ የከተማው መምህራን ኮሌጅም በኬሚስትሪ ላቦራቶሪ ረዳትነት ቀጠረኝ። የመጀመሪያ ቀን ነጭ ጋወን ለብሼ ተማሪ ብጠብቅ የመጣ ሰው አልነበረም። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ጓድ ታደሰ ምሳ ሰዓት ላይ ብቅ አሉ። ኬሚካል ስለማይበቃ ሌክቸሩ በመጀመሪያው መንፈቅ፣ ሙከራው በሁለተኛው እንደሚሰጥ ነገሩኝ። እስከ የካቲት ሥራዬ ብርጭቆ ማጠብ ሆነ።

የካቲት ላይ ተማሪዎቹ የተማሩትን ግማሹን ረስተው ይመጣሉ። ሌክቸሩን በጥሩ ውጤት ያለፈ ልጅ ቡሬቱን፣ ፈሳሽ የሚንጠባጠብበትን ባለ መክፈቻ የመስታወት ቱቦ፣ ገልብጦ ይይዝና ምን እንደሚገባበት ይጠይቀኛል። ስቄ እንደገና አስረዳዋለሁ። በመንፈቆቹ መካከል ከሚደርሰው ሁሉ መርሳት ቀላሉ መሆኑን ያወቅኩት በሰዒድ ነው።

ሰዒድ የጣና ዳር ዓሣ አጥማጅ ልጅ ነው፤ በሌክቸሩ የሚስተካከለው አልነበረም። በመንፈቆቹ መካከል ለእረፍት ቤተሰቡ ዘንድ እንደሄደ ለውትድርና ታፈሰ። የኮሌጅ መታወቂያውን ያየለት የለም። በዓመቱ ከግንባር ቆስሎ ሲመለስ ከቀኝ እጁ ሌባ ጣቱና መሐል ጣቱ አልነበሩም። የሙከራ ውጤት ከሌለው ዲፕሎማ የለም፤ ያለ ዲፕሎማ ደግሞ መምህርነት የለም።

በዚያን ጊዜ ለሙከራው አሲዱ በፒፔት፣ በቀጭን የመለኪያ ቱቦ፣ በአፍ ይሳብና የፒፔቱ ላይኛ ጫፍ በሌባ ጣት ይደፈናል። ሰዒድ በአውራ ጣቱ ሲሞክር ፈሰሰበት። ዕቃውን ሌላ ተማሪ ይያዝለት፣ እሱ መጠኑን ያንብብ ብዬ ጓድ ታደሰን ለመንኳቸው።

«ነገ ተማሪ ፊት ብቻውን የሚቆመው እሱ ነው» አሉኝ። «ያኔ ማን ይይዝለታል?»

ተናደድኩ፤ ሰዒድን ግን አስጠራሁት።

ከሰዓት በኋላ እየመጣ በአሲድ ፈንታ በተራ ውኃ ግራ እጁን ማለማመድ ጀመርን። አንድ ቀን ፒፔቱን አስቀመጠ።

«እትየ፣ የሌለው ጣቴ ይቀድመኛል» አለኝ። «የደፈንሁት ይመስለኛል። ሲፈስ ነው የማውቀው።»

ወደ መስኮቱ ዞርኩ፤ እንባዬን እንዲያይ አልፈለግኩም።

በፈተናው ቀን ጓድ ታደሰ ራሳቸው አጠገቡ ቆሙ። አሲዱን በግራ እጁ በደንብ ለካ፤ አሲዱን የሚያመክነውን ሶዳ ሲያንጠባጥብበት ግን የቡሬቱን መክፈቻ ቶሎ አልዘጋውም፤ ስስ ሮዝ ላይ መቆም የነበረበት ፍላስክ ደማቅ ሮዝ ሆነ። ተበላሸ። የቀረው ሶዳ ለአንድ ሙከራ ብቻ የሚበቃ ነበር። ጓድ ታደሰ ድገም አሉት።

በሁለተኛው ሙከራ ሶዳውን ጠብታ በጠብታ ለቀቀው። ሮዙ ብቅ ይልና ይጠፋል፣ ብቅ ይልና ይጠፋል፤ በመጨረሻ ስስ ሆኖ ቀረ። ጓድ ታደሰ ፍላስኩን ወደ ብርሃን አንስተው አዩና ያንን የተጎዳውን ቀኝ እጅ ጨበጡት።

«አልፈሃል፣ መምህር» አሉት።

ሰዒድ አንበሳሜ ከተማ በመምህርነት ተመደበ። እኔም ከዚያ ዓመት ጀምሮ የካቲት ሲገባ ከሁሉ በፊት የመጀመሪያውን መንፈቅ ተማሪዎች ስም እጠራ ነበር። መልስ የማይሰጥ ስም በየዓመቱ አይጠፋም ነበር። ለአዲስ ረዳቶች የምለው ይህንኑ ነው፦ ዕቃ ከማደላችሁ በፊት ማን ሳይመለስ እንደቀረ ጠይቁ።