ምድጃው ሳይበርድ

የሸክላ ሥራ መምህሯን ተማሪዎቿ ከኋላዋ «የጭቃ ሹም» ይሏታል። ሹመቷ ግን የኮንትራት ነበር። ዘንድሮ ገምጋሚዎቹ ቋሚነቷን ካላጸደቁላት ከሥራዋም፣ ከእናቷ ጋር ከምትኖርበት የዩኒቨርሲቲው ቤትም መውጣቷ ነው። ሌሎቹ መምህራን የታተመ ጥናት ያቀርባሉ፤ እሷ የምታቀርበው ማሰሮ ነው።

ማሰሮዎቹም ገና ምድጃ ውስጥ ነበሩ። ገምጋሚዎቹ ለነገ ተቀጣጥረው ሳለ፣ ስብሰባ ገጠመን ብለው ዛሬ ከች አሉ። የፈሩት ይደርሳል ማለት ይኼው ነው።

«ክፈቺውና እንየው» አሉ ሰብሳቢው። የሒሳብ ሊቅ ናቸው፤ ሸክላ ሲሠራ በዓይናቸው አይተው አያውቁም።

«ገና አልበረደም፤ ነገ ጠዋት ብትመለሱ...»

«ነገማ ውሳኔውን እናስገባለን። ያላየነውን ምን ብለን እንጻፍ?»

ሸክላ እንደጋለ ነፋስ ከነካው ይሰነጠቃል። በሩን ያለጊዜው የነካውን ተማሪ ሁሉ ስትቆጣ ኖራለች። አሁን ግን እናቷ ጓዟን ሸክፋ ደጅ ቆማ ታየቻት። ወፍራሙን ጓንት አጠለቀችና ከፈተችው።

መጀመሪያ ወላፈኑ ፊታቸውን ገረፈው። ከዚያ ከውስጥ ቀጭን ድምፅ መጣ፤ ጥን... ጥን። አንዱ ሲያበቃ ሌላው ይቀበላል። የስድስት ወር ልፋቷ እየተሰነጠቀ ነበር።

ሰብሳቢው ጆሯቸውን አቀኑ። «ይዘፍናሉ እንዴ?»

ሁሉም ዞረው አዩዋት።

«አዎ» አለች። ድምፁ የራሷ አልመሰላትም።

በሳምንቱ ቋሚ ሆነች፤ ማዕረጉም ተጨመረላት። ሥራዋ «ዜማን ከሸክላ ያዋሐደ ፈጠራ» ተባለ። እናቷ በደስታ አለቀሰች፤ የጭቃ ሹሟ ግን እንቅልፍ አጣች። ሰብሳቢው ደግሞ አንዱን ማሰሮ ለቢሯቸው ፈለጉት።

«ውሃ ባይጨምሩበት» አለች ስታቀብላቸው።

«ለምን?»

«ለእይታ ነው የተሠራው።»

መስኮታቸው ላይ ያስቀመጠችው ራሷ ናት፤ ስንጥቁን ወደ መስታወቱ አዙራ። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት በዚያ መስኮት ሥር ሳታልፍ ክፍል አትገባም። ማሰሮው አበባ ሳይገባበት ባዶውን መቀመጡን ስታይ እፎይ ትላለች።

ዛሬ የሰብሳቢው ጸሐፊ በአንድ እጇ አበባ፣ በሌላው ውሃ የሞላ ጆግ ይዛ ደረጃውን ስትወጣ አየቻት። ልትጠራት አፏን ከፈተች። ምን ብላ ታስቆማት?