ለክፉ ቀን የተቀመጠ ሰርዲን

ልጄ ሜሮን ከምትሠራበት ከፑኝዶ በመጣች ቁጥር ቦርሳዋን ሳታወርድ መጀመሪያ የምታየው የኩሽናዬን መደርደሪያ ነው። ቆማ ትቆጥርና ትስቃለች። «እማዬ፣ አሁንስ ንግድ ፈቃድ አውጪ» ትለኛለች። እውነቷን ነው። አንዲት ሴት ብቻዋን በምትኖርበት ቤት ይሄ ሁሉ መኮሮኒ፣ ሩዝ፣ ምስር፣ ሳልሳና የዱቄት ወተት ምን ይሠራል? ሩዙ ውስጥ ነቀዝ እንዳይገባ ደረቅ ቃሪያ ጣል አደርግበታለሁ። ጉንዳን እንዳይወጣ የመደርደሪያውን እግሮች ውሃ የተሞሉ ጣሳዎች ውስጥ አቁሜያቸዋለሁ። በጋምቤላ ሙቀት ምንም ነገር ስለማላምን፣ እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ እያንዳንዱን ቆርቆሮ አነሳለሁ፤ ክዳኑ እንዳላበጠ በአውራ ጣቴ ጫን ብዬ አያለሁ፣ የተጻፈበትን ቀን አነባለሁ። የተማርኩት እስከ አምስተኛ ክፍል ቢሆንም ቁጥር አይጠፋኝም።

በመደርደሪያው ጫፍ፣ ከጨው ዕቃው ጀርባ፣ ሁልጊዜ አንድ ሰርዲን አለ። እሱን አልበላውም። ቀኑ ሊያልፍ ሲል ለጎረቤት እሰጥና በምትኩ ሌላ እገዛለሁ። ሜሮን ሥራ ይዛ ወደ ፑኝዶ ስትሄድም እንዲህ ያለ አንድ ሰርዲን በፎጣ ጠቅልዬ ሻንጣዋ ሥር ከትቼላታለሁ። ለምን እንደሆነ ግን ነግሬያት አላውቅም።

ልጅ እያለሁ የምንኖረው አቦቦ አካባቢ ባለ የሰፈራ መንደር ነበር። ወላጆቼ በድርቁ ጊዜ ከደጋ አምጥተው ካሰፈሯቸው ገበሬዎች ናቸው። አባቴ ታናሽ ወንድሜ ሳይወለድ ስለሞተ፣ እናቴ በቆሎና ማሽላ እየዘራች ሁለታችንን ብቻዋን ታሳድገን ነበር። እኛ ቤት የሱቅ ምግብ ማለት የእረፍት ምግብ ማለት ነው። ማሽላ ይለቀማል፣ ይፈጫል፣ ይቦካል። መኮሮኒ ግን ከወረቀቱ ወጥቶ በቀጥታ ድስት ይገባል። እናቴ መኮሮኒ የምትሠራው ወይ ሰው ሲታመም ወይ እርሻ ውላ ወገቧ አልነሳ ሲላት ነበር። ሽንኩርቱን በዘይት ታቁላላለች፤ ከሳልሳው ጣሳ በማንኪያ ጫፍ ታወጣና፣ የቀረው እንዳይሻግት ላዩን ዘይት ታለብሰዋለች። ሳልሳው ከሽንኩርቱ ጋር ሲገናኝ የሚወጣውን ሽታ ያደገበት ያውቀዋል፤ ትንሽ ጎምዘዝ፣ ትንሽ ጣፈጥ ይላል። ዛሬም ያ ሽታ ከሰው ቤት ሲመጣ፣ አንድ ሰው ታሞ አንድ ሰው እያስታመመው ይመስለኛል።

ይህ ሁሉ የሚቀመጠው እናቴ እግር ባስቀጠለችለት አሮጌ የሻይ ሣጥን ውስጥ ነው። ስኳር በጣሳ፣ ዘይት በበቆሎ ቆረቆንዳ በተወተፈ ጠርሙስ፣ ሻይ ቅጠል፣ ጨው፣ ጥቂት ክክ። ከሁሉም ሥር፣ በአባቴ አሮጌ ሻሽ የታሰረ አንድ የሰርዲን ቆርቆሮ ነበር። አባቴ በሞተበት ዓመት ጋምቤላ ወርዳ የገዛችው ነው።

«ይሄ አይነካም» ትለኝ ነበር። «ለክፉ ቀን ነው።»

«ክፉ ቀን መቼ ነው?»

«ሲመጣ ታውቂዋለሽ።»

ውስጡ ምን እንዳለ አላውቅም ነበር። ክዳኑ ላይ ዓሣ ተስሏል፤ ግን የክብሪታችን ሽፋን ላይም ወፍ ተስሎ ነበር፣ ውስጡ ወፍ የለም። ስለዚህ ሥዕሉን ቁም ነገር ብዬ አልያዝኩትም። ቅቤ ይሆናል ብዬ አስብ ነበር። አንዳንዴ ደግሞ መድኃኒት ይመስለኛል።

ከመንገዱ ማዶ አጁሉ የምትባል የአኙዋ ሴት ትኖር ነበር። ባሏ አልዌሮ ወንዝ ላይ ዓሣ ያጠምዳል። አማርኛ የለመደችው እኛን ከመሰሉ ሰፋሪዎች ጋር ስትገበያይ ነው፤ ቃላቱን እንደመጣላት ታስቀምጣቸዋለች፣ ግን የምትለው ነገር ሁልጊዜ ይገባን ነበር። በየሳምንቱ ዓሣ ታመጣልናለች። እናቴ አመስግና ትቀበልና በምትኩ በርበሬ ወይም ጨው ትሰጣታለች። ዓሣውን ግን እኔና ወንድሜ እንድንቀምሰው አትፈቅድም። «አጥንቱ ጉሮሮ ላይ ይቀራል» ትላለች። ራሷ ጥግ ይዛ፣ እሾሁን አንድ በአንድ እየለቀመች ትበላዋለች፤ እኛ ሽታውን ይዘን እንቀራለን።

ዝናቡ በበረታበት፣ የእህል ጎታችን ባዶ በሆነበት አንድ ወር ወንድሜን ወባ ያዘው። ሦስተኛው ቀን ላይ ዓይኑ ተገለበጠ። እናቴ በሻሽ አዝላው ወደ መንገዱ ሮጠችና፣ ወደ ጋምቤላ የሚወርድ የጭነት መኪና አስቆመች። እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። መኪናው ላይ ቦታ የተገኘው ለእነሱ ብቻ ነው። ሹፌሩ እየጮኸባት፣ አንድ እግሯን ደረጃው ላይ አድርጋ ነበር የምትመክረኝ።

«መኮሮኒው ለሁለት ቀን ይበቃሻል፣ በቀን አንድ ሲኒ። እሳት ለኩሰሽ ከቤት እንዳትወጪ። ሰው ቤት ምግብ እንዳትለምጂ። ከነገ ወዲያ እመጣለሁ።» ከዚያ ወደ አጁሉ ዞራ፣ «ልጄን አደራ፣ እዪያት» አለቻት።

መጀመሪያ ላይ ትልቅ ሰው የሆንኩ መስሎኝ ነበር። መኮሮኒዬን በሲኒ ለክቼ፣ እንደ እናቴ ሽንኩርት አቁላልቼ፣ ሳልሳውን ዘይት አልብሼ አስቀመጥኩ። ሁለተኛውም ቀን እንዲሁ ሄደ። ሦስተኛው ቀን ጠዋት ቤቱን ጠርጌ፣ ለእነሱ የሚሆን ሻይ አፍልቼ ጠበቅኩ። ሻዩ ቀዘቀዘ። የመኪና ድምፅ ሳይሰማ ቀኑ መሸ።

አጁሉ በየቀኑ ትመጣ ነበር። ማታም ምንጣፏን ይዛ እኛ በር ላይ ትተኛለች፤ ሣጥኑን ትቼ እሷ ቤት አልሄድም ስላልኩ ነው። ምሳ ሰዓት ላይ ዓሣና የበቆሎ ገንፎ በቅል ይዛ ብቅ ትልና፣ «ትበያለሽ?» ትለኛለች።

«በልቻለሁ» እላታለሁ።

«እሺ» ትልና ትሄዳለች።

እዚህ ላይ የእኔ ዘመን ሰዎች ነገሩ ይገባችኋል። እኛ ቤት ልጅ ሰው ሲጋብዘው ቶሎ እጁን ከዘረጋ ያልተቀጣ ይባላል። መጀመሪያ «በልቻለሁ» ትያለሽ። ጋባዧ «በሞቴ» ትላለች። «ጠግቤያለሁ» ትያለሽ። እንደገና «በሞቴ፣ አንዲት ጉርሻ» ትላለች። በሦስተኛው አንገትሽን ደፍተሽ ትቀርቢያለሽ። እኔ «በልቻለሁ» ብዬ ሁለተኛውን ልመና ስጠብቅ፣ አጁሉ ቅሏን አንስታ መንገዱን ተሻግራ ትሄዳለች። የገንፎው እንፋሎት ከኋላዋ ሲቀር አየው ነበር። ለምን አንድ ጊዜ ብቻ እንደምትጠይቀኝ አልገባኝም። አልወደደችኝም ብዬ ደመደምኩ። እናቴ ደግሞ ዓሣ አትቅመሺ ብላለች። ስለዚህ ከኋላዋ አልጠራኋትም።

በአራተኛው ቀን ክኩን ከቀረው ሳልሳና ዘይት ጋር ጣድኩት። እሳት ለኩሰሽ አትውጪ የተባልኩትን ረስቼ፣ መኪና የሰማሁ መስሎኝ ወደ መንገዱ ወጣሁ። የሰማሁት የወንዙን ድምፅ ነበር። ስመለስ ክኩ አርሮ ድስቱ ሥር ተጋግሯል። ያልተቃጠለውን ለመለየት ፋቅኩት፤ ያልተቃጠለ አልነበረም። ከዚያ በኋላ ሣጥኑ ውስጥ የቀረው ጨው፣ ስኳር፣ ሻይ ቅጠልና በሻሽ የታሰረው ሰርዲን ብቻ ነው።

በአምስተኛው ቀን ሻሹን ፈታሁት። ቆርቆሮውን ጭኔ ላይ አስቀምጬ ብዙ ሰዓት ተቀመጥኩ። ቢላውም አጠገቤ ነበር። ግን አልከፈትኩትም። በልጅ አእምሮዬ እንዲህ ነበር ያሰብኩት፦ ይሄ ለክፉ ቀን ነው። ከከፈትኩት ክፉው ቀን መጥቷል ማለት ነው። ክፉው ቀን ከመጣ ደግሞ እናቴ አትመጣም፣ ወንድሜም ሞቷል። ካልከፈትኩት ግን ገና አልመጣም። ሻሹን መልሼ አሰርኩት፤ ሁለት ጊዜ ቋጠርኩት። በስኳር ሻይ ዋልኩ።

በስድስተኛው ቀን አጁሉ ስትመጣ ከመደቡ አልተነሳሁም። «ትበያለሽ?» አለችኝ። «በልቻለሁ» አልኳት። ልትዞር ስትል ምድጃውን አየችው። አመዱ ውስጥ እጇን ከተተች፤ ቀዝቅዟል። ያረረውን ድስት አነሳች፣ አሸተተችው፣ አስቀመጠችው። ከዚያ መጥታ ፊት ለፊቴ ቁጢጥ አለች።

«ምን በላሽ?»

ወደ ሣጥኑ አየሁ።

«ለምን ትዋሻለሽ? እኛ ጋ ልጅ ራበው፣ በላ። ጠገበ፣ ተወ። አንቺ ራበሽ፣ በላሁ ትያለሽ። ይሄ ምንድነው?»

«አንድ ጊዜ ብቻ ነው የምትጠይቂኝ» አልኳትና አለቀስኩ።

ትንሽ አሰበች። «ስንት ጊዜ ነው?»

«ሦስት።»

አጁሉ ሳቀችብኝ። የምታሾፍ መስሎኝ ፊቴን አዞርኩ። እሷ ግን አንድ ጣቷን ቀሰረችና «ብዪ» አለች። ሁለተኛውን ጨመረችና «ብዪ» አለች። ሦስተኛውን ቀስራ፣ ፊቷን ኮስተር አድርጋ፣ «ብዪ። አለቀ። አሁን እመታሻለሁ» አለች። ሳቅ አመለጠኝ።

ዓሣውን አጥንቱን እየለቀመች፣ እያንዳንዱን ቁራጭ በሁለት ጣቷ ፈትሻ ነበር የምታጎርሰኝ። ስበላ ሰርዲኑን አየችውና ለምን እንዳልከፈትኩት ጠየቀችኝ። ነገርኳት። አልሳቀችም። ቆርቆሮውን ሣጥኑ ሥር፣ የነበረበት ቦታ አስቀመጠችው። «ጥሩ። ዝግ ይሁን» አለች። «ወንዝ ሞላ፣ መኪና ቆመ። እናትሽ ይመጣል።»

እናቴ በስምንተኛው ቀን መጣች። ግማሹን መንገድ በእግሯ ነው የመጣችው፤ ጭቃው እስከ ጉልበቷ ደርቋል። ወንድሜ ጀርባዋ ላይ ነበር። አንገቱ ቀጥኖ ጆሮው ትልቅ ሆኖ ነበር፤ ሲያየኝ ግን ስሜን ጠራ። እናቴ ሳትቀመጥ ሣጥኑን ከፈተች። ሻሹ እንደታሰረ ነው።

«ይሄን እኮ ለዚህ ነበር ያስቀመጥኩት» አለች። «ምን በልተሽ ቆየሽ?»

«ዓሣ» አለች አጁሉ ከበሩ።

እናቴ አገጬን ያዘችና «አፍሽን ክፈቺ» አለችኝ። ወደ ብርሃኑ አዙራ ጉሮሮዬን እስከ ውስጥ ድረስ አየች። እሾህ አልነበረም። ከዚያ መደቡ ላይ ተቀመጠችና፣ የመጣችበትን መንገድ ሁሉ አለቀሰችው።

በዚያው ቀን ሰርዲኑን በቢላና በድንጋይ ከፈተችው። «ክፉ ቀን ነው?» ብዬ ጠየቅኳት። «አልፏል» አለችኝ። ዘይቱ ተረጨ፣ ክዳኑ ተቆለመመ፣ ሁላችንም አጎንብሰን አየን። አምስት ትንንሽ ዓሣዎች ጎን ለጎን ተኝተዋል። ጅራታቸው እንኳ አለ። እኔ ከገመትኩት ሁሉ ውስጥ ዓሣ አልነበረም።

አጁሉ ቆርቆሮውን አንስታ በደንብ አየችው። «እኔ በየሳምንቱ ዓሣ አመጣለሁ» አለች ለእናቴ። «አንቺ ዓሣ በሣጥን ቆልፈሽ ክፉ ቀን ትጠብቂያለሽ።» እናቴ አፏን በእጇ ሸፍና ሳቀች፤ አባቴ ከሞተ ወዲህ እንዲያ ስትስቅ አላየሁም ነበር። ለአራታችን አንድ አንድ ደረሰን። አምስተኛውን አጁሉ ለእናቴ ሰጠቻት። እናቴ «ጠግቤያለሁ» ስትል፣ አጁሉ ወደ እኔ ጠቅሳ ሦስት ጣቶቿን አንድ በአንድ ቀሰረች።

ዛሬ ሁሉም ነገር ሌላ ነው። እናቴ ካረፈች ቆየች። ወንድሜ ሚዛን ተፈሪ ትዳር ይዞ ይኖራል፤ በበዓል ይደውላል። አጁሉ ልጆቿን ተከትላ ወደ ጎግ ሄዳ ነበር፤ እዚያ እንደሞተች የሰማሁት ከተቀበረች በኋላ ነው። ባለቤቴም የለም። ከደጄ ባጃጅ ተሳፍሬ መሃል ከተማ ከወረድኩ፣ ያኔ ሕልም የነበረው ሁሉ በየሱቁ ተደርድሯል። ሰርዲኑም ቢላ አይፈልግም፤ ቀለበቱን በጣት ሳብ ማድረግ ነው። ምግብ ማብሰል ቀሏል። የማበስልበት ድስት ግን ትንሹ ሆኗል፤ አንድ ሲኒ መኮሮኒ ስጥድ ለሁለት ቀን ይተርፈኛል።

ባለፈው እሁድ ቆርቆሮዎቼን ስፈትሽ ሜሮን ደወለች። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ሥራዋ አወራችኝ። ከዚያ እንደ ቀላል ነገር፣ «እማዬ፣ ያ ሻንጣዬ ውስጥ የከተትሽውን ሰርዲን ዛሬ በላሁት» አለችኝ።

የያዝኩትን ቆርቆሮ አስቀመጥኩ። «ምን ሆነሽ?» አልኳት።

«ምን እሆናለሁ?»

«አመመሽ? መንገድ ተዘጋ? ሰው ምን አለሽ? እንዳትደብቂኝ።»

«ኧረ እማዬ፣ ምንም አልሆንኩም» አለች። «ከሥራ ጓደኛዬ ጋር በዳቦ በላነው። ምሳ ነበር።»

ስልኩን ዘጋሁ። ምሳ ነበር። እናቴ ዓመታት በሻሽ ያሰረችው፣ እኔ ርቦኝ ያልደፈርኩት ነገር ለልጄ የእሁድ ምሳ ሆነ። መጀመሪያ ከፋኝ። ከዚያ እናቴ ይሄን ብትሰማ ምን ትል ነበር ብዬ አሰብኩ፤ አፏን በእጇ የምትሸፍን መሰለኝ።

ከጨው ዕቃው ጀርባ የእኔን ሰርዲን አወረድኩት። ቀኑ ገና ነው፣ ክዳኑም አላበጠም። ዳቦ ቆረስኩ። ቀለበቱን ስይዝ፣ ማንም ባይኖርም፣ «በልቻለሁ» የሚለው ቃል አፌ ላይ መጣ። አጁሉ ብትኖር ሦስት ጣቷን ትቀስርልኝ ነበር። እኔ አንዱን ብቻ ቀሰርኩና ለራሴ «ብዪ» አልኩ። ክዳኑን ሳብኩት።