ያልተቃጠለው ሃርድ ዲስክ

እንጅባራ ውስጥ ኮምፒውተር የተበላሸበት ሰው መጀመሪያ የሚጠራው ስም እንየው ነው። ሱቁ ከመናኸሪያው ወደ ላይ ሲወጡ፣ ባጃጆች ከሚሰለፉበት ጥግ አጠገብ ናት፤ ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው በር ላይ ቆሞ ነው የሚያወራው። በአንዱ በኩል ሚስቱ ሃና ማመልከቻ ትተይባለች፣ ፎቶ ኮፒ ታነሳለች። በሌላው በኩል እንየው ሆዳቸው በተከፈተ ኮምፒውተሮች መሐል ተቀምጦ ይፈታል፣ ይገጥማል። ምክር በነጻ ነው የሚሰጠው፤ አንዴ ከጀመረ ደግሞ ማን ያስቆመዋል። የይለፍ ቃላችሁን ጽፋችሁ ኪቦርድ ሥር አትሸጉጡ ይላል። መብራት መጣ ሄደ ሲል ከሶኬቱ ንቀሉት፣ የማታውቁትን ፍላሽ አትሰኩ ይላል። ፋይል በሁለት ቦታ ይቀመጥ የሚለውንማ በትልቁ አትሞ ግድግዳው ላይ ለጥፎታል።

በሽታው ምንም ይሁን ምን ግን መድኃኒቱ አንድ ነበር፤ ፎርማት። ኮምፒውተሩ ዘገየ? ፎርማት። ቫይረስ ገባው? ፎርማት። በውስጡ ያለውን ሁሉ ጠርጎ ዊንዶውሱን እንደ አዲስ መጫን ማለት ነው። በእሱ ብቻ አይፈረድም፤ ብዙው ጠጋኝ እንዲሁ ነው የሚሠራው።

ስሙን ያገነነለት ግን ምክሩም ፎርማቱም አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ሌላ ሱቅ ለጥገና የገባ ላፕቶፕ ውስጥ የነበረ የአንዲት ልጅ ፎቶ ከስልክ ወደ ስልክ እየዞረ ከተማውን አዳረሰ። ልጅቱ ዳንግላ ዘመዶቿ ዘንድ ሄዳ ቀረች። ከተማው ትንሽ ነው፣ የማን ልጅ እንደሆነች የማያውቅ አልነበረም። እንየው ያን ጊዜ ለራሱ ሕግ አወጣ፤ የሰው ፎልደር አልከፍትም አለ። ፋይል መገልበጥ ካለበት ሳያይ ይገለብጣል፤ የግድ መከፈት ካለበት ስክሪኑን ወደ ደንበኛው አዙሮ እሱ ፊቱን ወደ ግድግዳ ይመልሳል። ሰዎች ከጫግኒ ድረስ ላፕቶፓቸውን ታቅፈው በሚኒባስ የሚመጡት ለዚህ ነበር። እንየውም ይህን ስም ወደደው፤ ከሚገባው በላይ ወደደው።

ጋሼ ፀጋው ኮምፒውተራቸውን ያመጡት በጥር ነው፤ ከተማው ለፈረሰኞቹ በዓል ሽር ጉድ በሚልበት ሰሞን። ከግብርና መሥሪያ ቤት በጡረታ የወጡ፣ ቀጠን ያሉ፣ ንግግራቸው ለስለስ ያለ ሰው ናቸው። ሥራ ላይ ሳሉ ገበሬውን ስለ ማዳበሪያ ሲያስተምሩ ኖረው፣ ጡረታ ሲወጡ ተማሪ ሆኑ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በዘንገና ሐይቅ ዙሪያ በእግራቸው እየዞሩ የሣሩን፣ የቁጥቋጦውን፣ የዛፉን የአገውኛ ስም ከአዛውንቶች አፍ ለቀሙ። የቱ ከብት እንደሚያሳብጥ፣ የቱ ለጣራ እንደሚሆን፣ የቱ የጠፋውን ምንጭ ቦታ እንደሚጠቁም፣ ማን እንደነገራቸውም ጭምር በአንድ ጣት እየለቀሙ ተየቡት። ግማሽ ያህሉን የሰጧቸው አያ ውዱ የሚባሉ፣ ሐይቁ አጠገብ የሚኖሩ የዘጠና ዓመት ገበሬ ናቸው። ሥራው ሊያልቅ ትንሽ ነበር የቀረው፤ አሳትመው ለየትምህርት ቤቱ ሊያድሉት ነበር ሐሳባቸው።

ይህን ሁሉ ያስቀመጡት ታዲያ ማንም ፋይል የሚያስቀምጥበት ቦታ ላይ አልነበረም። የልጅ ልጆቻቸው ጌም ሲጫወቱ እንዳያጠፉባቸው ሰግተው፣ አባታቸው የመሬቱን ደብተር ጎታ ሥር ይደብቁ እንደነበረው፣ እሳቸውም ፎልደሩን ከኮምፒውተሩ ሆድ ውስጥ፣ ዊንዶውሱ ራሱ ከሚቀመጥባቸው ፎልደሮች መሐል ወሸቁት። ፍላሽ ላይ አላስቀመጡትም። ፍላሽ ይጠፋል አሉ።

«ጋሼ፣ ፋይል አለዎት?» አላቸው እንየው፣ አምስት ሰው እየጠበቀው።

«አለኝ እንጂ፣ ምነው?»

«ፎርማት ያስፈልገዋል። ዴስክቶፕና ዶክዩመንት ላይ ያለውን ገልብጬ እመልስልዎታለሁ።»

«አንተ ታውቃለህ፣ ልጄ።»

ሌላ ቦታስ ያስቀመጡት የለም ወይ ብሎ መጠየቅ ነበረበት። አጠገቡ አስቀምጧቸው አብረው ማየት ነበረባቸው። ግን አንተ ታውቃለህ ያለን ሽማግሌ መልሶ መላልሶ መጠየቅ እምነታቸውን እንደ መጠራጠር መሰለው፤ ፎልደር ለፎልደር እየዞሩ መፈተሽማ ከሕጉ ውጭ ነው። ሳያይ ገለበጠ፣ ሳያይ ጠረገ።

በማግሥቱ ጋሼ ፀጋው መጥተው ኮምፒውተሩን እዚያው ከፈቱ። ፈለጉ፣ ፈለጉ። ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና እንደገና ፈለጉ።

«ሥራዬ የለም» አሉ ቀስ ብለው።

እንየው የት ያስቀምጡት እንደነበር ሲጠይቃቸው፣ መልሱን ሰምቶ ሳይጨርስ ራሱ እንደጠረገው ገባው። በሩ ላይ ሦስት ደንበኞች ቆመዋል። ከጫግኒ የመጣች አንዲት ነጋዴ አንገቷን አስግጋ ታያለች። እሱ እንዲህ ባለ ሰዓት እውነቱን የሚናገር ሰው ነኝ ብሎ ነበር የሚያስበው።

«ጋሼ፣ ሃርድ ዲስኩ ተቃጥሎ ነው» አለ። «ግማሹን በልቶታል። የተረፈውን ነው ያወጣሁት። ይኸውም ብዙ አይቆይም፣ በአዲስ እቀይርልዎታለሁ። ሳንቲም አልቀበልም።»

ሃና መተየቧን አቁማ ባሏን አየችው። ከዚያ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ጋሼ ፀጋው ባርኔጣቸውን ከጭናቸው ላይ አንሥተው ጥቂት አገላበጡት። «እሱ ካላለው ምን ይደረጋል» አሉ። «አንተም ደክመህልኛል። እግዜር ይስጥልኝ።» ሲወጡ በር ላይ ላሉት ሰዎች ሁሉ እየነገሩ ነበር፤ ልጁ የሚችለውን አድርጓል፣ ዕቃው ነው የከዳኝ እያሉ።

ውሸት አንዴ ከተናገሩት በኋላ ማስታመም ይፈልጋል። እንየው ከኪሱ አዲስ ዲስክ ገዝቶ ገጠመላቸው። አሮጌው ምንም ያልነካው ጤነኛ ዲስክ ነበር። በፎርማት የተጠረገ ፋይል ተፈልጎ ሊገኝ እንደሚችል በወሬ ሰምቷል፤ መሞከር ግን ሊያስይዘው ሆነ። ፋይሉ ቢገኝ፣ ከተቃጠለ ዲስክ እንዴት ወጣ ይባላል? ዲስኩ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ባየው ቁጥር እየከነከነው፣ በሳምንቱ ለአንድ ፎቶ ቤት ሸጠው ተገላገለ። ወሩ የሠርግ ነው፤ ፎቶ ቤቱ በአሥር ቀን ውስጥ አፉ ድረስ በሠርግ ቪዲዮ ሞላው።

በግንቦት ባሕር ዳር ለጠጋኞች የተዘጋጀ የሦስት ቀን ሥልጠና ነበርና ሄደ። በሁለተኛው ቀን አሠልጣኙ ስለ ጠፋ ፋይል አነሣ። ፎርማት የተደረገ ዲስክ ብዙ ጊዜ ባዶ የሚመስለው ለዓይን ነው አለ፤ ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ የነበረው አብዛኛው እዚያው አለ። ፋይል ጠፋ ሲባል ኮምፒውተሩን አጥፉ፣ ዲስኩን ንቀሉ፣ አንድ ፊደል አትጻፉበት፣ የሚያውቅ ሰው ይፈልገው።

እንየው እጁን አወጣ። «ቪዲዮ ከተጫነበትስ?»

«ሞልቶ ከሆነ እሱማ አበቃ» አለ አሠልጣኙና ወደሚቀጥለው ርእስ አለፈ።

ያን ቀን ምሳ አልበላም። ሱቁ ሲመለስ ሕጉን ለወጠው። አሁን ደንበኛውን አጠገቡ ያስቀምጣል፣ ስክሪኑን ለሁለት ያዩታል፣ ሁሉንም ፎልደር እየጠየቀ ያልፋል፣ ባለቤቱ አዎ ሳይል አንድ ነገር አይጠርግም። ይህን ሲያደርግ ሃና እየተየበች ታየዋለች። አንድ ቀን ግን ወረቀት እየደረደረች ጠየቀችው።

«ለሳቸውስ ነገርካቸው?»

«እነግራቸዋለሁ።»

«መቼ?»

ዝናቡ ይለፍ አለ። ዝናቡ አለፈ። በዓል ነው አለ። በዓሉም አለፈ። ሃና ደግማ አልጠየቀችውም፤ እሱን የጎዳው ይሄ ነው። በጥቅምት አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ወደ ጋሼ ፀጋው ቤት ሄደ። በረንዳቸው ላይ ፀሐይ ይሞቁ ነበር። የመንገድ ዱላቸው እንደ ድሮው ከጎናቸው አልነበረም። ወንበር አቅርበው አስቀመጡት፣ የሃናን ጤና ጠየቁ፣ የሥራውን ሁኔታ ጠየቁ። እሱም ሌላ ነገር ሳይጨምር፣ እንደወረደ ነገራቸው፤ ዲስኩ አለመቃጠሉን፣ የጠረገው እሱ መሆኑን፣ ለማን እንደሸጠው፣ በሰዓቱ ቢናገር ኖሮ ፋይሉ ሊገኝ ይችል እንደነበረም።

ጋሼ ፀጋው አልተቆጡም። እንየው ቢቆጡት ደስ ባለው ነበር።

«የእግዜር ሥራ ነው ብዬ ነበር እኮ የተውኩት» አሉ። «ልፋቴን ካልፈቀደው፣ እኔ ማን ነኝ እንደገና የምጀምረው ብዬ። የአንተ ስሕተት መሆኑን ያን ለት ብትነግረኝ፣ እቆጣህ ነበር። እሰድብህም ነበር ይሆናል። በማግሥቱ ግን ዱላዬን ይዤ አያ ውዱ ዘንድ እሄድ ነበር።»

«አሁንስ፣ ጋሼ? እኔ እየተከተልኩ ልጻፍልዎት። ሱቁን ሃና ትይዛለች።»

«ማንን ልትጠይቅ?» አሉ። ድምፃቸው ቁጣ አልነበረበትም። «አያ ውዱ እስከ ሰኔ ነበረ። ጤነኛ ነበር፣ አፉም አልተያዘም ነበር። ሰኔ ላይ ቀበርነው።»

እንየው ከጥር እስከ ሰኔ ያለውን በልቡ ቆጠረ፤ አምስት ወር ነው። በእነዚያ አምስት ወራት ጋሼ ፀጋው በሱቁ በር ሲያልፉ ስንት ጊዜ ከወንበሩ ተነሥቶ እጅ ነሥቷቸዋል፣ እሳቸውም መርቀውት አልፈዋል።