ማዶው ሲሞላ

የደርግ ዘመን ነው። ባለቤቴ አውሮፕላን ማረፊያ ጭነት ያወርድ ነበር፤ እኔና አማቴ ቦሌ፣ ወንዝ ዳር ባለችው የጭቃ ቤታችን እንውላለን። አማቴ ወገባቸውን ከታመሙ ወዲህ ከአልጋ አይወርዱም። የቤቱ ብቸኛ በር የሚከፈተው ወደ ወንዙ ነው፤ ከጓሮ ደግሞ ከወሎ የመጣ ባለሱቅ ግቢ አለ።

በዚያ ዓመት በልጉ ሳይዘንብ አለፈ። ወንዙ ደርቆ ድንጋዩ ሲያገጥጥ፣ ቀበሌው ማዶ ያለውን ዳር በአፈርና በፍርስራሽ ሞልቶ ጎመን ሊተክልበት ተነሳ። እሑድ እሑድ ለዘመቻ እየወጣን ድንጋዩን የተቀባበልነው እኛው ነን። እምቢ ማለት አይታሰብም። ወንዙ ግማሽ ጎኑን አጥቶ ወደ እኛ ተጠጋ። በራስጌው ያለው ባሕር ዛፍም ለማገዶ ተመንጥሮ ኮረብታው ራቁቱን ቀርቷል።

«ማዶውን ከዘጉት ውሃው በማን በኩል ሊያልፍ ነው?» አሉ አማቴ አንድ ቀን።

«እማዬ፣ ድምፅሽን ቀነስ አድርጊ» አለ ባለቤቴ፣ መስኮቱን እየዘጋ።

ነሐሴ ላይ፣ ከቀትር በኋላ፣ ሰማዩ የበልጉንም የክረምቱንም አንድ ላይ የሚያወርደው መሰለ። መጀመሪያ በረዶ ነበር፤ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ አማቴ የሚሉት አልሰማ አለኝ። በረዶው ሲያባራ ከወደ ላይ እንደ ከባድ መኪና የሚያጓራ ድምፅ መጣ። በሩን ገርበብ ሳደርገው ደራሽ ጎርፉ ግንድ እያንከባለለ ግቢያችን ገብቷል። መልሼ ብዘጋውም ከሥር እየሾለከ ቁርጭምጭሚቴን፣ ከዚያ ጉልበቴን ያዘኝ። አማቴን በብብታቸው ይዤ ልጎትት ሞከርኩ፤ አቃተኝ።

«ተዪኝና ውጪ» አሉኝ።

«በየት ልውጣ እማማ? በሩን እኮ ውሃው ይዞታል!»

ጮህኩ። ከጓሮው ግድግዳ ውጭ የባለሱቁ ድምፅ መለሰልኝ።

«አልጋው በየት በኩል ነው?»

«ከአንተ በስተቀኝ!»

«እንግዲያው እዚያው ሁኚ። በግራ በኩል ግድግዳውን ልንደው ነው።»

የዶማው የመጀመሪያ ምት ጭቃውን አረገፈው፤ ሁለተኛው ማገሩን ሰበረ። ቀዳዳው ሰፋ ሲል ዶማውን ጥሎ ማገሩን በእጁ መገንጠል ያዘ። ውሃው ፍራሹን ነክቷል። አማቴ ማርያምን ይጣራሉ፤ እሱ «አብሽሩ እማማ፣ አብሽሩ» ይላል። እኔ ከውስጥ ገፋሁ፣ እሱ ከውጭ ሳበ። ትከሻቸውን ማገሩ ቦጭቋቸው እየደሙ ወጡ። ተከትዬ ስወጣ የፊት ለፊቱ ግድግዳ ወደ ውስጥ ተደረመሰ።

ባለቤቴ ከሥራ እየሮጠ ሲደርስ ያየው የፈረሰውን ቤት እንጂ እኛን አልነበረም። ከባለሱቁ ግቢ ስወጣ ተንበርክኮ ጭቃውን በእጁ ሲዝቅ አገኘሁት። ስጠራው ወዲያው አልሰማኝም።

በሳምንቱ የቀበሌው ስብሰባ ተጠራ። ሊቀመንበሩ «የተፈጥሮ አደጋ ነው» ብሎ ነገሩን ሊዘጋው ሲል ባለሱቁ ተነሳ።

«ዝናቡስ ከአላህ ነው። ድንጋዩን ግን ያመጣነው እኛ ነን። ይነሳልን።»



«ጓድ፣ ልማቱን እየተቃወምክ ነው?» አለ ሊቀመንበሩ።

አጠገቤ የተቀመጠው ባለቤቴም ተነሳ። «እኔም የምለው ይነሳልን ነው» አለ።

በማግስቱ ጠዋት ሁለቱንም ጠርተው ወሰዷቸው። የባለሱቁ ሚስትና እኔ ሱቁ ውስጥ ተቀምጠን እህል ሳንቀምስ ዋልን። አንድ መኪና ባለፈ ቁጥር ሁለታችንም ብድግ እንላለን። አመሻሹ ላይ በእግራቸው መጡ። ምን እንዳሏቸው ብንጠይቅ ባለሱቁ «ጠየቁን፣ መለስን» አለ።

ድንጋዩ አልተነሳም። እኛ የተረፈውን ቆርቆሮ ነቅለን ወደ ጎሮ ወጣን። ያኔ ጎሮ እርሻ ነበር፤ ውሃ የምንቀዳው ከሩቅ ነው፣ ነፋሱም አያስቆምም። አማቴ ግን አላማረሩም። ባለሱቁ ሱቁን ትቶ የሚሄድበት ስላልነበረው እዚያው ቀረ። ክረምት ደመናው በጠቆረ ቁጥር ባለቤቴ ከሥራ ሲወጣ በባለሱቁ ቤት በኩል ዞሮ፣ ደህና መሆናቸውን አይቶ ይመጣ ነበር።