አረም የምታርመው የነሐስ ሴት

ሚስቴ «አንተ ሙጫ ነህ፤ አንዴ የያዝከውን አትለቅም» ትለኛለች። ውሸቷን አይደለም። አጅባር ያለችውን የነሐስ ሴት ለመግዛት አራት ዓመት ደጅ የጠናሁ ሰው ነኝ።

መካነ ሰላም ሥዕል አስተምራለሁ። አንድ ዓመት ፈተና ልፈትን አጅባር ስሄድ፣ አብሮኝ የሚፈትን መምህር አንዲት አሮጊት ዘመዱ ቤት ለምሳ ወሰደኝ። ከምድጃው በላይ ባለው መደርደሪያ፣ በጨው ዕቃና በኩራዝ መሀል፣ ክንድ የምታህል የነሐስ ሴት አጎንብሳ አረም ታርማለች። ፊት የላትም። ጀርባዋ ከልክ በላይ ረዝሟል፤ እጆቿ ከመሬቱ ጋር አንድ ሆነው ቀርተዋል። ከላይ እስከ ታች ጥቁር ናት፤ እንደ አሮጌ የገበታ እንጨት ወዝ ያለው ጥቁረት። የጎረስኩትን ሳልውጥ ተነሥቼ ቆምኩ። የሠራት የአሮጊቷ ወንድም ነበር። ባለፈው ክፍለ ዘመን ውጭ አገር ቅርፃ ቅርፅ ተምሮ የተመለሰ፣ እኛ ሥዕል የተማርን ሰዎች ስሙን የምንሰማው፣ ሥራዎቹ ግን የት እንደገቡ የማናውቀው ሰው።

«ይሽጡልኝ» አልኳቸው እዚያው።

«የሞተ ወንድሜን ገበያ ላውጣው?» አሉኝ።

በዓመቱ ተመልሼ ሄድኩ፤ እምቢ አሉ። በሌላው ዓመት ስኳርና ሳሙና ይዤ ሄድኩ፤ ስኳሩን ተቀብለው፣ መርቀው ሸኙኝ። ለፍሪጅ ያጠራቀምነው ገንዘብ ለእሷ መግዣ ተብሎ ሳይነካ ተቀመጠ፤ ሚስቴ አኮረፈች። እኔ ግን ተስፋ የሚባለውን ነገር መቁረጥ አላውቅበትም። ክፍል ውስጥ እንኳ የማወራው ስለ እሷ ነበር። በከሰል ሥዬ እያሳየሁ፣ «ቀራፂው ነሐሱን ሆን ብሎ አጠቆረው፤ የገበሬ ሴትን ድካም በቀለም ነገረን» እያልኩ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼም ደብተራቸው ላይ ይጽፋሉ።

ዘንድሮ አሮጊቷ ራሳቸው ደወሉልኝ።

«ቁርጥራጭ ብረት የሚገዙ ሰዎች መጥተው ሚዛን ላይ ሊያወጧት ነበር። እኔ ስሞት ዕጣዋ ይኼው ነው። አንተ አንድ ቀን ስንት ኪሎ ናት ብለህ አልጠየቅኸኝም። ና ውሰዳት።»

«ሐሳብዎን እንዳይቀይሩ ብቻ» አልኳቸው።

«አብሽር፣ አልቀይርም።»

በማግስቱ ሁለት መኪና ቀይሬ ደረስኩ። ነሐሷ ሴት በነጭ ጨርቅ በተሸፈነ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣለች። እንደ አዲስ የጋብቻ ቀለበት ታብረቀርቃለች። 

«ምን አደረጓት?»

«አጠብኋታ! ሳልደውልልህ በፊት በሎሚና በአመድ ሦስት ቀን ሙሉ ፈተግኋት። እንዴት አድፋ ከቤቴ ትውጣ?»

ራሴን መግዛት አቃተኝ። «አበላሿት! ያ ጥቁረት እኮ የወንድምዎ የእጅ ሥራ ነበር!» ብዬ በእናቴ ዕድሜ ባሉ ሴት ላይ ጮህኩ። ዛሬም ሳስበው አፍራለሁ።

እሳቸው አልተቆጡም። ከግድግዳው ላይ ፎቶ አውርደው ሰጡኝ። ወንድማቸው ገና ጎረምሳ ነው፤ ይህችኑ ሴት ታቅፏታል። በጥቁርና ነጩ ፎቶ ላይ እንኳ ታበራለች።

«ሲያመጣልኝ እንዲህ ነበረች» አሉ። «ያጠቆራት የእኔ ምድጃ ነው። አርባ ዓመት ጭስ ጠጥታ ነው።»

ስንቱን ተማሪ ነው ያሳሳትኩት! የባሰው ግን ሌላ ነው። እዚያው ቆሜ ሳያት፣ አራት ዓመት የተመኘኋት ይህችኛዋን እንዳልነበረ ገባኝ። ቀራፂው የሠራት ፊቴ ቁጭ ብላለች፤ እኔ የምፈልገው ግን ያቺን ጥቁሯን ነው። ቢሆንም ከቤቴ ስወጣ ባዶ እጄን አልመለስም ብዬ ቆርጬ ነበር፤ አልተመለስኩምም። ይቅርታ ጠየቅሁ፣ ገንዘቡን በሁለት እጄ ሰጠሁ። ምላሴ ግን አላስችል ብሎኝ፣ «ከነጥቁረቷ ቢሸጡልኝ ኖሮ እንዴት ደስ ባለኝ» አልኩ።

አሮጊቷ ነሐሷን በነጠላቸው ጠቅልለው እቅፌ ውስጥ አኖሯት።

«በሬ የሸጠ ሰው ገመዱን አብሮ ይሰጣል እንዴ? በረከቱ እንዲቀርለት ፈትቶ ያስቀረዋል እንጂ። የወንድሜን ሥራ ሸጥሁልህ፣ ልጄ። ጭሱ የእኔ ነው፤ እሱን ለማንም አልሸጥም።»