ጀሶ አይደለም

በእኛ ከተማ ነጭ ዱቄት ተጠርጣሪ ነው። እንጀራ ውስጥ ጀሶ ተገኘ ሲባል የደነገጠ ሰው እስከ ዛሬ ነጭ ነገርን ሁሉ በጎሪጥ ያያል። አልፈርድበትም። እኔ ላይ ሲመጣ ግን እንቢ አልኩ።

ከቡልጋሪያ ሰፈር ጀርባ ባለች ትንሽ ፋብሪካ የኤሌክትሪክ ሽቦ የሚያልፍበትን የፕላስቲክ ቱቦ እንሠራ ነበር። የምቀምመው እኔ ነኝ። ፕላስቲኩ ላይ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ እጨምራለሁ። አዎ፣ ወጪ ይቀንሳል። ሌላም ሥራ ግን አለው። የእኛ ዓይነቱ ፕላስቲክ ሙቀት ሲበዛበት አሲድ ይተፋል፤ የተፋው አሲድ ደግሞ ተመልሶ ፕላስቲኩን ራሱን ይበላዋል። ዱቄቱ አሲዱን ይይዝለታል። ከበዛ ቱቦው እንደ ብስኩት ይሰበራል፤ ልኩን ማወቅ የኔ ፈንታ ነው።

አንድ ቀን መብራት ጠፋና ፕላስቲኩ የጋለ ማሽን ውስጥ ቆመ። መብራት ሲመጣ ባለቤቱን «ጋሼ፣ ውስጥ የቀረው አሯል፣ ይጣል» አልኳቸው።

«ለምን ይባክናል? በቃ፣ ይውጣ!»

ቡናማ ጭረት ያለው ቱቦ ወጣ፤ ታስሮም ለገሃር የኤሌክትሪክ ዕቃ ወደሚሸጡት ደንበኛችን፣ ወደ እትዬ፣ ሄደ።

እትዬ በማግስቱ ጭረት ያለበትን ቱቦ ይዘው መጡ። ዓይናቸው የዱቄቱ ጆንያ ላይ አረፈ። «ጀሶ! ጀሶ ነዋ የምትሸጡልኝ!»

ጋሼ በጣታቸው ወደኔ ጠቆሙ። «እኔ ሳላውቅ ነው፣ ማለቴ... እሷ ናት የጨመረችው።» ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ደሜ ፈላ። ሥራዬን ብቻ ሳይሆን ስሜን ነበር የሚወስዱብኝ።

«እትዬ፣ አብረን እንየው» አልኩ። ዱቄት ያለውንና የሌለውን ፕላስቲክ በሁለት የመስታወት ቱቦ ከተትኩ፤ የቀረው ቅመማቸው አንድ ነው። በቱቦዎቹ አፍ ላይ፣ አሲድ ሲነካው የሚቀላውን ያን የትምህርት ቤት ሰማያዊ ወረቀት አርጥቤ ሰካሁና የጋለ ዘይት ውስጥ አቆምኳቸው። እትዬ ሰዓታቸውን እያዩ ጠበቁ። ዱቄት የሌለው ቀድሞ ቀላ። የኔው፣ ዱቄት ያለው፣ ብዙ ቆይቶ እሱም ቀላ።

«ይኸው!» አሉ ጋሼ።

«አዎ፣ ዱቄቱ ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም። ማሽን ውስጥ ቆሞ ያረረውን ምንም ዱቄት አያድነውም። ለዚህ ነው ይጣል ያልኩት።»

እትዬ ጋሼን አየት አድርገው ወጡ።

ከሰዓት ጋሼ ወረቀት ይዘው መጡ፦ «ያለ ፈቃድ ባዕድ ነገር መጨመሬን አምናለሁ።» ከፈረምኩ ሥራዬ ላይ እቆያለሁ፣ እትዬም ወደ ደንበኝነታቸው ይመለሳሉ። የካዛንቺስ ቤታችን ፈርሶ ራቅ ብለን ከሄድን ወዲህ ያችን ደመወዝ የማጣት አቅም አልነበረኝም። ፈራሁ፤ አልዋሽም።

«ያለ ፈቃድ ባዕድ ነገር» የሚለውን ሰርዤ «የኖራ ድንጋይ በልኩ» ብዬ ጻፍኩ። ከሥሩ «ያረረው እንዲወጣ ያዘዙት ባለቤቱ ናቸው» ብዬ ፈረምኩ። ጋሼ አንብበው በሩን አሳዩኝ። ወረቀቱን ከእጃቸው ወስጄ፣ በእግሬ ለገሃር ድረስ ሄጄ ለእትዬ ሰጠኋቸው።