ከጫፉ ሦስት እርምጃ በታች

አባቴ ቁጭ ማለት አይሆንለትም። ጉልበቱ አስቸግሮት ተራራ መምራቱን ከተወ ስድስት ዓመት አልፎታል፤ እስከ ዛሬ ግን ከመስኮት ወደ በር፣ ከበር ወደ መስኮት ይንቆራጠጣል። እኔ ታፔላ ጸሐፊ ነኝ። የምሠራው እዚያው ሳሎን ውስጥ ስለሆነ በተነሳ ቁጥር ቀለሜን ሊደፋብኝ ይደርሳል።

«አባዬ፣ ኧረ በፈጠረህ አንዴ እረፍ!»

«ምን አደረግኩሽ?» ይልና ተቀምጦ ሳይሞቀው እንደገና ይነሳል።

ያን ሳምንት ደግሞ ባሰበት። የተራራ መሪዎች ማኅበር ትልቅ ሰሌዳ አዞኝ ነበር። በመስኮታችን የሚታየው ተራራ በሰሜን በኩል ከተወጣ ሠላሳ ዓመት ሊሞላ ስለሆነ፣ በዚያ በኩል ወጥቶ ጫፉን መጀመሪያ የረገጠው ሰው ስም ይጻፍ ተባለ። በሰጡኝ ወረቀት ላይ ያለው የአንድ ጥርስ ሐኪም ስም ነው። ደሜ ፈላ። በረዶውን እየፈለጠ መርገጫ ያወጣለት፣ በገመድ የጎተተው፣ ሁለት ጣቱን ለውርጭ የገበረው አባቴ ነው! ሐኪሙማ እንደ ሻንጣ ነው የወጣው። ማኅበሩ ድረስ ሄጄ ጮህኩ። «አባትሽ ቀድሜ ረግጫለሁ ብለው ከፈረሙ ስሙን እንቀይራለን» አሉኝ።

ሰሌዳው ሊወሰድ ሁለት ሰዓት ሲቀረው የሚፈረመውን ወረቀት አባቴ ፊት ዘረጋሁ።

«ፈርም።»

«አልፈርምም።»

«ትሕትናህን ለሌላ ቀን አቆየውና ፈርም!»

«የምን ትሕትና? አልረገጥኩትማ።»

ክው አልኩ። ጫፉ ስስ በረዶ ነው አለኝ፤ መሪው ሦስት እርምጃ ሲቀረው ዐለቱ ላይ ቆሞ ገመዱን ይይዛል፣ ደንበኛው አልፎት ይወጣል። ደንቡ ይኸው ነው።

«በሌላ ጊዜስ? አርባ አንድ ጊዜ ወጥተህ የለም እንዴ?»

«አርባ አንዱንም ጊዜ ዐለቱ ላይ ነበርኩ።» መስኮቱ ጋ ሄደ፤ ተመለሰ። «ፎቷቸውን ይነሳሉ፣ ይበርዳቸዋል፣ ቶሎ እንውረድ ይላሉ። ገመዱን እኔ ልያዝልህና አንተም ውጣ ያለኝ አንድ ሰው የለም። ቢሉኝስ? ማንን አምኜ ገመዴን እሰጣለሁ?»

ብሩሼን አንስቼ የሐኪሙን ስም መጻፍ ጀመርኩ። ሦስተኛው ፊደል ላይ ስደርስ መልሼ አስቀመጥኩት።

በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ እኔንም ወስዶኝ ነበር። ጫፉ ላይ ቆሜ፣ እጆቼን ዘርግቼ፣ ድምፄ እስኪዘጋ ጮህኩ። እሱ ከታች ገመዴን ይዞ ይስቅ ነበር። ከዚያ «አባዬ፣ በረደኝ፣ እንውረድ» አልኩት።

ገመድ አያያዝ ከልጅነቴ ጀምሮ ያስተማረኝ እሱ ራሱ ነው።